ካፒቴን ጄምስ ኩክ፤ ትጋቱና ቍጣው

በጭላሎ ተራራ ግርጌ፥ በአሰላና በአካባቢዋ የሚያድግ ልጅ የዝዋይን ሐይቅ ከሩቅ ያያል እንጂ ታላቁን ባሕር አያውቅም። በመርከብ ዓለምን የዞረው ጄምስ ኩክም የገበሬ ቤት ልጅ ነበረ። የተወለደው በእንግሊዝ አገር በዮርክሻየር አውራጃ፥ በኤውሮፓ አቈጣጠር በ1728 ዓ.ም. ነው፤ ይኸውም አፄ በካፋ በጎንደር ነግሠው ሳሉ ነው። አባቱ በሰው እርሻ የሚሠራ ድኃ ነበረ። ነገር ግን የአባቱ ጌታ የትምህርቱን ዋጋ ስለ ከፈለለት ልጁ ማንበብና መጻፍ፥ ሒሳብም ተማረ።

ከዚህ በኋላ ጥቂት ጊዜ በሱቅ አገለገለ። ልቡ ግን ወደ ባሕር ስለ ሳበው ዊትቢ በምትባል ወደብ የድንጋይ ከሰል ለሚያመላልስ የመርከብ ባለቤት ተለማማጅ ሆኖ ገባ። መርከቦቹ በብርድ ወራት ወደብ ላይ ሲያርፉ እሱ ሒሳብንና የመርከብ አመራርን ያጠና ነበረ። በ1755 የንግድ መርከብ አዛዥነት ቢቀርብለት ትቶ፥ በንጉሡ የባሕር ኃይል ውስጥ ተራ መርከበኛ ሆኖ ተመዘገበ። በ1759 በካናዳ የታላቁን ወንዝ ጥልቀት እየለካ ካርታ ስለ ሠራ ስሙ ታወቀ።

በ1768 ኤንዴቨር በምትባል መርከብ ወደ ሰላማዊው ውቅያኖስ ተላከ። በ1769 በታሂቲ ደሴት ቬኑስ የምትባለው ፕላኔት በፀሐይ ፊት ስታልፍ ከሊቃውንት ጋራ ተመለከተ፤ ከዚያም የኒው ዚላንድን ዳርቻ ዞሮ ካርታውን ሣለ። በ1770 ግን በአውስትራሊያ ምሥራቅ መርከቢቱ በሌሊት በስለታም ዐለት ላይ ተቀመጠች፤ ውሃም ገባባት። ኩክ አልደነገጠም። መድፍና ከባድ ዕቃ ወደ ባሕር አስጣለ፤ ጠጕርና ቃጫ የተለጠፈበት ሸራም ከመርከቢቱ በታች ስቦ ቀዳዳውን አስደፈነ። እንዲህም አድርጎ ሰዎቹን አዳነ።

በዚያ ዘመን ረጅም ጉዞ የሚሄዱ መርከበኞች አትክልት ስለማያገኙ ድዳቸው እየደማ፥ ጕልበታቸው እየደከመ ይሞቱ ነበረ። ኩክ በጨው የኮመጠጠ ጥቅል ጎመን ጭኖ ሄደ። ሰዎቹ አንበላም ባሉ ጊዜ ግድ አላላቸውም፤ ነገር ግን ጎመኑን በየቀኑ ለመኳንንቱ ማዕድ እንዲያቀርቡ አዘዘ። መርከበኞቹም አለቆቻቸው ሲበሉት አይተው ራሳቸው ይለምኑት ጀመር። ከ1772 እስከ 1775 በተደረገው በሁለተኛው ጉዞ፥ ወደ ደቡብ ዋልታ በረዶ እስኪቀርብ ድረስ ሲጓዝ፥ ከመርከቡ ሰዎች በዚህ ደዌ የሞተ አልነበረም።

ይሁን እንጂ የደረሰባቸው አገሮች ባዶ አልነበሩም። በኒው ዚላንድ ገና በመድረሳቸው ከአገሬው ሰዎች አንዳንዶቹ በጥይት ሞቱ፤ የአውስትራሊያንም ምሥራቅ ሕዝቡን ሳያስፈቅድ ለንጉሡ ለጆርጅ ሦስተኛ ነው ብሎ ዐወጀ።

በሦስተኛው ጉዞ ድካም ጸናበት፤ ቶሎም ይቈጣ ጀመር። በ1779 መጀመሪያ የሃዋይ ደሴት ሰዎች በክብር ተቀብለው ምግብ ሰጥተውት ነበረ። ተሰናብቶ ከሄደ በኋላ የመርከቡ ምሰሶ በነፋስ ስለ ተጐዳ ተመለሰ፤ በዚህ ጊዜም ከጀልባዎቹ አንዲቱ በሌሊት ተሰረቀች። ኩክ ነገሩን በትዕግሥት አልመረመረም፤ ጀልባይቱ እስክትመለስ ድረስ የደሴቲቱን ንጉሥ በመያዣነት ሊወስድ ከወታደሮች ጋራ ወረደ። ሕዝቡ ስለ ንጉሡ ፈርቶ ተሰበሰበ፤ ጠብም ተነሣ። ኩክና አራት ወታደሮች፥ ከደሴቲቱም ሰዎች ብዙዎች ሞቱ። ይህም የሆነው የካቲት 14 ቀን 1779 በኤውሮፓ አቈጣጠር ነው፤ ዕድሜው 50 ዓመት ነበረ።

ልጆች ሆይ፤ ዐለትና በረዶ ያላሸነፉትን ሰው በአንዲት ጀልባ የተነሣ ቍጣ አሸነፈው። ትጋቱንና ለሰዎቹ ማሰቡን ተማሩ፤ ቍጣ በያዛችሁ ጊዜ ግን እጃችሁን ከማንሣታችሁ በፊት ታገሡ።