ስምና ሥራ፤ የጊታር ሠሪው የሊዮ ፌንደር ሕይወት

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ፥ በእንፍራንዝ ከተማ አጠገብ፥ በኮረብታ ላይ የጉዛራ ግንብ ይገኛል። ግንቡን በ16ኛው መቶ ዓመት ያሠሩት አፄ ሠርፀ ድንግል ናቸው። ጎብኚው የንጉሠ ነገሥቱን ስም በቃሉ ቢያውቅም፥ የግንበኛውን ችሎታ የሚመዝነው በስም ሳይሆን ድንጋይና ድንጋይ የተጋጠሙበትን ስፍራ ተመልክቶ ነው። ዛሬ ለአንባቢዎቻችን የምናቀርበው የአንድ አሜሪካዊ የእጅ ባለሙያ ታሪክም ይህንኑ ያስተምራል። በተለይም ከደመወዙ ቆጥቦ ያገለገለ የኤሌክትሪክ ጊታር ለመግዛት ለሚያስብ ወጣት ትምህርቱ ገንዘብ የሚያድን ነው።

ሊዮ ፌንደር በኤውሮጳ አቆጣጠር በ1909 ዓ.ም. በካሊፎርኒያ ተወለዱ። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው።) ወላጆቻቸው ብርቱካን አምራቾች ነበሩ። ገና በልጅነታቸው አንድ ዓይናቸውን አጡ። ከትምህርት ቤት እንደ ወጡም በሒሳብ ሠራተኛነት ተቀጠሩ፤ ነገር ግን አሜሪካን በመታው የኢኮኖሚ ችግር ዘመን ሥራቸውን አጡ። እሳቸው ግን እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም። ከልጅነታቸው ጀምሮ ይወዱት በነበረው የራዲዮ ጥገና ሙያ ተማምነው፥ በ1938 ዓ.ም. 600 ዶላር ተበድረው በፉለርተን ከተማ ሱቅ ከፈቱ።

ወደዚህ ሱቅ ሙዚቀኞች የተበላሹ የድምፅ ማጉያዎችንና ጊታሮችን ያመጡ ነበር። የዚያን ጊዜው ጊታር ሆዱ ባዶ በመሆኑ፥ ድምፁ በማጉያ ከፍ ሲል ይጮኽና ተጫዋቹን ያስቸግር ነበር። ሚስተር ፌንደር ራሳቸው ጊታር መጫወት አልቻሉም፤ የተጫዋቾችን ቅሬታ ግን በትዕግሥት ያዳምጡ ነበር። በ1950 ዓ.ም. አካሉ ድፍን እንጨት የሆነ፥ አንገቱም በሙጫ ሳይሆን በአራት ብሎን የታሰረ ጊታር ለገበያ አቀረቡ። ይህም በ1951 ዓ.ም. ቴሌካስተር ተባለ። በ1954 ዓ.ም. ደግሞ ስትራቶካስተር ተከተለ። የራዲዮ ጠጋኝ አሳብ በሁለቱም ላይ በግልጽ ይታያል፤ የተበላሸው ክፍል በካቻቢቴ ተፈትቶ በሌላ ሊለወጥ ይችላልና።

በ1965 ዓ.ም. ሚስተር ፌንደር ጤናቸው በመታወኩ ድርጅቱን ሲ ቢ ኤስ ለተባለው ኩባንያ በ13 ሚሊዮን ዶላር ሸጡ። ከዚያ በኋላ ስማቸው በጊታሩ ራስ ላይ ቢቀርም፥ እጃቸው ግን ከሥራው ተለየ። በ1971 ዓ.ም. የስትራቶካስተር አንገት ማሰሪያ ከአራት ብሎን ወደ ሦስት ዝቅ አለ፤ ብዙ ተጫዋቾችም የመጋጠሚያው መላላት አስመረራቸው። ገዥዎች አሮጌዎቹን መፈለግ ስላበዙ፥ ድርጅቱ በ1982 ዓ.ም. በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ አርአያ ጊታሮችን እንደገና ይሠራ ጀመር። እነዚህ ሪኢሹ የሚባሉት ናቸው። በአሜሪካም በጃፓንም ተሠርተዋል።

እንግዲህ ገዥ ምን ይመልከት? በመጀመሪያ የራሱ ላይ ጽሑፍ በቀላሉ ሊለጠፍ የሚችል መሆኑን አይርሳ። ቀለሙ መላላጡም የዕድሜ ምስክር አይደለም፤ ሆን ተብለው ያረጁ እንዲመስሉ የሚደረጉ አሉና። ይልቅስ አንገቱ ከአካሉ ጋር የተጋጠመበትን ይመርምር፤ ሰፊ ክፍተት አይኑረው፥ ቀስ ብሎ ወደ ጎን ሲገፋም አይንቀሳቀስ። የመጀመሪያውና የመጨረሻው ክር ከአንገቱ ጠርዝ ያላቸው ርቀት ተመጣጣኝ ይሁን። ቀጥሎም አንዱን ክር በመጀመሪያው ፍሬትና አንገቱ ከአካሉ በሚገናኝበት ስፍራ ተጭኖ መካከሉን ይይ፤ የወፍራም ወረቀት ያህል ክፍተት ቢታይ መልካም ነው። ፍሬቶቹን በጣቱ ይዳስስ፤ ጫፋቸው እጅ የሚቧጭር፥ ወይም ክሩ ቦይ የቆፈረባቸው ከሆነ ወጪ ይጠብቀዋል። በየፍሬቱም አንድ በአንድ እየተጫወተ ያዳምጥ። በመጨረሻ ከማጉያ ጋር አገናኝቶ ማዞሪያዎቹን ሁሉ ይሞክር። ሲዞሩ መንኮሻኮሻቸው ብዙ ጊዜ አቧራ ብቻ ነው፤ የተጠማዘዘ አንገት ግን ዋጋው ምንም ያህል ቢረክስ አይገዛም። ሻጩ ከፈቀደም አንገቱ ተፈትቶ ይታይ፤ ብዙ ጊዜ የተሠራበት ቀን ከሥሩ ተጽፎ ይገኛል።

ሚስተር ፌንደርም ስማቸውን ከሸጡ በኋላ ሥራ አልፈቱም። በ1980 ዓ.ም. ገደማ ከቀድሞ የሥራ ባልደረባቸው ከጆርጅ ፉለርተን ጋር ጂ ኤንድ ኤል የተባለ አዲስ ድርጅት አቋቋሙ። በ1991 ዓ.ም. እስከ ሞቱ ድረስ ከሥራ ጠረጴዛቸው አልራቁም። በአዲሱ ጊታር ላይ የታወቀውን ስማቸውን መጠቀም ባይችሉም፥ የሚያውቅ ሰው ሥራቸውን ከአሠራሩ ይለየው ነበር።

ስም ከባለቤቱ ተለይቶ ሊሸጥ ይችላል፤ ጥንቃቄ ግን በሠራው ሰው እጅ እንጂ በስም ውስጥ አይገኝም። ስለዚህ የብዙ ወር ቁጠባውን ይዞ ገበያ የሚወጣ ወጣት፥ ከማንበቡ በፊት ይዳስስ፥ ከመክፈሉም በፊት ያዳምጥ እንላለን።