አታላዮችን ያሳደደው አታላይ፦ የሃሪ ሁዲኒ ሕይወት

«ዘ ኢሉዥኒስት» የሚለውን ፊልም ያላየ የዲፓርትመንታችን ተማሪ ያለ አይመስለኝም። እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣ፣ ኒል በርገር ያዘጋጀው፣ ኤድዋርድ ኖርተን የሚተውንበት ፊልም ነው። ታሪኩ በድሮዋ ቪየና የሚካሄድ ነው። አይዘንሃይም የሚባል ምትሃተኛ ከልጅነቱ ጀምሮ የሚወዳት የመኳንንት ልጅ አለች፤ አልጋ ወራሹ ደግሞ ሊያገባት ይፈልጋል። ልጅቷ አንድ ቀን ሞታ ትገኛለች። ከዚያ በኋላ ምትሃተኛው መድረክ ላይ ወንበር ስቦ ቁጭ ይልና ሙታንን መጥራት ይጀምራል። ሕዝቡ እውነት ነው ብሎ ያምናል፣ ፖሊሱ ግራ ይጋባል። መጨረሻውን አልናገርም፤ ላላየ ሰው ነውር ነው።

ፊልሙን ዶርም ውስጥ ለስድስት ሆነን አይተን ስንጨርስ ክርክር ተነሳ። ሰውየው ሙታንን እንደሚያናግር አድርጎ ሕዝቡን ሲያሳምን አርቲስት ነው ወይስ ውሸታም? ግማሾቻችን «ጥበብ ነው በቃ» አልን። ግማሾቻችን ደግሞ ልጁ የሞተበት አባት እዚያ አዳራሽ ውስጥ ቢኖርስ አልን። ክርክሩ ሳያልቅ መብራት ጠፋና ተኛን። እኔ ግን ጥያቄው ስለከነከነኝ ላይብረሪ ገብቼ ስፈልግ ይህንኑ ጥያቄ በሕይወቱ የመለሰ እውነተኛ ሰው አገኘሁ። እሱም ሃሪ ሁዲኒ ነው። እነሆ ታሪኩ። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የረቢው ልጅ

ሁዲኒ የተወለደው መጋቢት 24 ቀን 1874 በቡዳፔስት ሲሆን የወላጆቹ ስም ያወጡለት ኤሪክ ቫይስ ነው። አባቱ ማየር ሳሙኤል ቫይስ የአይሁድ ረቢ ነበሩ። ቤተሰቡ በ1878 ወደ አሜሪካ ተሻግሮ ዊስኮንሲን ግዛት፣ አፕልተን በምትባል ከተማ ተቀመጠ። አባትየው እዚያ ብዙም አልሰነበቱም፣ ሥራቸውን አጡ። ቤተሰቡ ከቦታ ቦታ ሲንከራተት ቆይቶ ኒውዮርክ ገባ። ልጅ ኤሪክም የክራቫት ፋብሪካ ውስጥ ጨርቅ ቆራጭ ሆኖ ተቀጠረ። በ1892 አባቱ ሲሞቱ የእናቱ የሴሲሊያ ነገር በልጆቹ ላይ ወደቀ። ሁዲኒ እናቱን እስከ መጨረሻው እንደ ታቦት ነው ያያቸው ማለት ይቻላል። ይህን ያዙልኝ፣ በኋላ እንመለስበታለን።

በዚያው በወጣትነቱ የፈረንሳዊውን ምትሃተኛ የዣን ኢዩዤን ሮበር ሁዳንን የሕይወት ታሪክ አንብቦ ልቡ ተሰረቀ። በፊልሙ ውስጥ አይዘንሃይም መድረክ ላይ የሚያበቅላት የብርቱካን ዛፍ የዚህ የሮበር ሁዳን ትርኢት ነች። ልጁ በጀግናው ስም ላይ አንዲት ፊደል ጨመረና «ሁዲኒ» ሆነ።

በ1894 ኮኒ አይላንድ በሚባለው የኒውዮርክ መዝናኛ ስፍራ ሲሠራ ቤስ ራህነር ከምትባል ዘፋኝ ጋር ተዋወቀ። እሷ ካቶሊክ፣ እሱ የረቢ ልጅ። ሳምንታት ሳይሞሉ ተጋቡ። ከዚያ ቤስ የመድረክ አጋሩ ሆነች። እሱ እጁ ታስሮ፣ ጆንያ ውስጥ ገብቶ፣ ሳጥን ውስጥ ይቆለፍበታል። መጋረጃው ተዘግቶ በቅጽበት ሲከፈት እሱ ውጪ፣ ቤስ ሳጥኑ ውስጥ ናት!

የመቃብር ቦታው ሚስጥር

ገንዘብ ግን የለም። በ1897 መጨረሻና በ1898 መጀመሪያ ባልና ሚስቱ ካንሳስ አካባቢ ከአንድ ተዘዋዋሪ መድኃኒት ሻጭ ቡድን ጋር ይሠሩ ነበር። የቡድኑ አለቃ ሕዝብ የሚስብ ነገር ሲፈልግ ሁዲኒ ሙታንን አናግራለሁ ብሎ ተነሳ። አሠራሩ ቀላል ነበር። ትርኢቱ ከመጀመሩ በፊት ወደ መቃብር ስፍራ ይሄድና ከድንጋዮቹ ላይ ስምና ዘመን ይገለብጣል፣ ከከተማው ወሬ ይለቃቅማል። ማታ መድረክ ላይ ይህንኑ ከመንፈስ የሰማ አስመስሎ ይናገራል። ሰዉ ያለቅሳል፣ አዳራሹ ይሞላል።

ያኔ እንደ ቀላል ቀልድ ነበር የሚያየው። በኋላ ሰው ሲሞትበት ምን ማለት እንደሆነ ሲገባው ግን ያ ሥራ ወንጀል ሆኖ ታየው፤ ይህንንም ራሱ በመጽሐፉ አምኗል። ለእኔ የዚህ ሰው ታሪክ ቁልፍ ያለው እዚህ ጋ ነው። ከካቴናው ይልቅ ይኼ ይበልጣል።

ጋዜጠኞችን ያሰረው እስረኛ

ዕድሉ የተቃናው በ1899 ነው። ማርቲን ቤክ የተባለ የትያትር ቤቶች ባለሀብት አይቶት ትናንሽ ትርኢቶቹን እንዲተውና ከካቴና ማምለጥ ላይ እንዲያተኩር መከረው። በ1900 ለንደን ሄደ፤ በጥቂት ዓመታት ውስጥ አውሮፓ አወቀው። በየከተማው ፖሊስ ጣቢያ እየገባ እሰሩኝ ይላል፤ ያስሩታል፣ ይወጣል። ጀርመን ውስጥ አንድ የፖሊስ ባልደረባ አጭበርባሪ ነው ብሎ በጋዜጣ ሲያስወራበት በስም ማጥፋት ከሶ በ1902 ረታ።

በ1904 ደግሞ «ዴይሊ ሚረር» የተባለው የለንደን ጋዜጣ አንድ የበርሚንግሃም ቁልፍ ሠሪ አምስት ዓመት ደከመበት የተባለ ልዩ ካቴና አምጥቶ ገጠመው። በሂፖድሮም ትያትር በሺዎች የሚቆጠር ተመልካችና ብዙ ጋዜጠኞች ባሉበት ከአንድ ሰዓት በላይ ታግሎ ፈታው። ሕዝቡ በትከሻው ተሸከመው። ግን ነገሩ ከጋዜጣው ጋር አስቀድሞ የተመከረበት ነው ብለው የሚጠረጥሩ የታሪክ ጸሐፊዎች አሉ። ጋዜጣው ሽያጭ አገኘ፣ ሁዲኒ ስም አገኘ። እኛ ጋዜጠኝነት ተማሪዎች እዚህ ላይ ቆም ማለት አለብን። ማን ማንን ነው ያሰረው?

ሰውየው የፕሬስን ጠባይ አሳምሮ ያውቅ ነበር። እጅና ደረት የሚጠፍር የሸራ ጃኬት ለብሶ ቁልቁል ተዘቅዝቆ ከፎቅ ላይ ሲንጠለጠል ብዙ ጊዜ የሚመርጠው የጋዜጣ ድርጅት ሕንፃ ነው። ዘጋቢው ከቢሮው መስኮት ብቅ ብሎ ዜናውን ያገኛል፤ ነገ ፊት ገጽ ላይ ነው። የተወለድኩት አሜሪካ አፕልተን ነው እያለ የሚናገረውንም ጋዜጦች እንዳለ ያትሙለት ነበር። ቡዳፔስት መወለዱን የሚያጣራ አልነበረም። በ1908 ደግሞ ስሙን የወሰደበትን ሮበር ሁዳንን የሚያዋርድ መጽሐፍ ጻፈ፤ ብዙው ክስ ሚዛናዊ እንዳልነበር በኋላ ታይቷል። ስለዚህ ሁዲኒን መልአክ አድርጌ አላቀርብላችሁም።

የትርኢቶቹ ምስጢር ግን መንፈስ አልነበረም። የቁልፍ ዓይነቶችን አጥንቷል፣ ጥቃቅን መክፈቻዎችን ይደብቃል፣ ቤቱ ባለው ትልቅ ገንዳ ውስጥ ትንፋሹን መያዝ ይለማመዳል። በ1912 በርሊን ላይ እግሩ ተቆልፎ ውሃ በተሞላ የመስታወት ሳጥን ውስጥ ተዘቅዝቆ ሲገባ ሕዝቡ አብሮት ትንፋሹን ይይዝ ነበር። አንዳንዶች ሥጋውን በትኖ የሚወጣ ባለ ልዩ ኃይል ነው ሲሉ እሱ ግን የተፈጥሮ ሥራ ነው ብሎ ድርቅ ይላል።

የእናት ደብዳቤ

ሐምሌ 1913 ሁዲኒ ኮፐንሃገን እያለ እናቱ አሜሪካ ውስጥ አረፉ። መርዶውን ሲሰማ ራሱን ስቶ ወደቀ ይባላል። ከዚያ በኋላ አንድ ጊዜ እንኳ ድምፃቸውን መስማት ምኞቱ ሆነ።

ጊዜው ደግሞ ለዚህ የተመቸ ነበር። አንደኛው የዓለም ጦርነትና የኅዳር በሽታ ሚሊዮኖችን ጨርሰው ነበርና ቤቱ ሐዘን ያልገባበት ሰው ጥቂት ነው። መንፈስ ጠሪዎች በየከተማው በዙ። የሼርሎክ ሆልምስ ደራሲ ሰር አርተር ኮናን ዶይል እንኳ ልጃቸውን በ1918 ካጡ በኋላ የዚህ እምነት ዋና ሰባኪ ሆነው ነበር። ሁዲኒና ዶይል በ1920 ተዋውቀው ወዳጆች ሆኑ።

ሰኔ 1922 አትላንቲክ ሲቲ በሚባለው የአሜሪካ የባሕር ዳርቻ ከተማ የዶይል ባለቤት የሁዲኒን እናት መንፈስ እጠራለሁ ብለው ተቀመጡ። እርሳስ ይዘው ገጽ በገጽ ላይ ጻፉ። ሁዲኒ ለማመን ፈልጎ ነበር የተቀመጠው። ያነበበው ግን ምንድነው? የረቢ ሚስት የነበሩት እናቱ ደብዳቤያቸውን በመስቀል ምልክት ጀምረዋል። በቅጡ የማይችሉትን እንግሊዝኛ አቀላጥፈው ጽፈዋል። ለሁዲኒ ያ ቀን የእናቱ ልደት ነበር፤ ደብዳቤው ግን ስለዚያ ትንፍሽ አላለም።

ሁዲኒ ለወዳጁ ክብር ሲል ለጊዜው ዝም አለ። ከወራት በኋላ ግን እንደማያምን በጋዜጣ ጻፈ፤ ወዳጅነቱም ፈረሰ። ዶይል ክፉ ሰው አልነበሩም፣ ባለቤታቸውም አውቀው አላታለሉ ይሆናል። ሐዘን ነው ያሳመናቸው። ሁዲኒን ያናደደው በሐዘን ላይ ገበያ የሚዘረጋው ነው።

ከዚህ በኋላ ያለው የሁዲኒ ሕይወት የምርመራ ጋዜጠኝነት ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም። «ሳይንቲፊክ አሜሪካን» መጽሔት እውነተኛ መንፈስ ጠሪ ለሚገኝ ሰው 2,500 ዶላር ሽልማት ሲያዘጋጅ ሁዲኒ ከአጣሪዎቹ አንዱ ሆነ። በ1924 «ማርጀሪ» በሚል ስም የታወቀች የቦስተን ሐኪም ሚስት ሽልማቱን ልትወስድ ትንሽ ሲቀራት ደረሰ። በጨለማው ክፍል ውስጥ ደወሉን የሚደውለው መንፈስ ነው ትባል ነበር። ሁዲኒ ቀኑን ሙሉ ከጉልበቱ በታች ጥብቅ ፋሻ አስሮ ዋለ፤ ቆዳው ትንሽ ንክኪ እንዲሰማው ነው። ማታ ከጎኗ ተቀምጦ እግሯ ወደ ደወሉ ቀስ እያለ ሲሄድ ተሰማው። ሽልማቱ አልተሰጣትም።

ከረዳቶቹ መካከል ሮዝ ማከንበርግ የምትባል ሴት መርማሪ ነበረች። ትርኢቱ ከሚደርስበት ከተማ ቀድማ ትገባለች። አንዴ ባሏ የሞተባት፣ አንዴ ልጇን ያጣች መስላ ከየመንፈስ ጠሪው ዘንድ ትቀርባለች። ያልነበረ ባሏ ሰላምታ ይልክላታል! ሁዲኒ ማታ መድረክ ላይ ወጥቶ የተገኘውን በስምና በአድራሻ ይዘረግፈዋል። በ1926 ሁለቱም የአሜሪካ ምክር ቤት ፊት ቀርበው በዋሽንግተን ከተማ ለገንዘብ ብሎ መጠንቆልን የሚከለክል ሕግ እንዲወጣ መሰከሩ። ሕጉ አልጸደቀም።

የቤስ መብራት

ጥቅምት 22 ቀን 1926 ሞንትሪያል ከተማ፣ ትያትር ቤቱ ልብስ መቀየሪያ ክፍል ውስጥ ሁዲኒ በቁርጭምጭሚቱ ስብራት ምክንያት ጋደም ብሎ ሳለ አንድ ተማሪ የሆዱን ጥንካሬ ሊፈትን ሳይዘጋጅ ደጋግሞ መታው። ሕመሙ እየጠናበትም ቢሆን ከሁለት ቀን በኋላ ዲትሮይት ላይ በከባድ ትኩሳት መድረክ ወጣ። ትርፍ አንጀቱ ፈንድቶ ነበር። ጥቅምት 31 ቀን በ52 ዓመቱ አረፈ። ብዙ ሐኪሞች ዱላው የነበረበትን በሽታ ሸፈነበት እንጂ እሱ ብቻውን አልገደለውም ይላሉ።

ባልና ሚስት ቃል ተግባብተው ነበር፤ ቀድሞ የሞተ ከተቻለው በመካከላቸው ብቻ ባለ የምስጢር ቃል መልእክት ይልካል። ምልክቱ ቤስ በተዋወቁ ሰሞን ትዘፍናት የነበረችው «ሮዛቤል» የምትባል ዘፈን ስም ያለበት ነው። በ1929 አርተር ፎርድ የተባለ መንፈስ ጠሪ ቃሉን አገኘሁት አለ፤ ጋዜጦች ዓለምን አናወጡ። ቤስም መጀመሪያ እውነት ነው ብላ ፈርማ ነበር፤ በኋላ ግን ካደችው። የምልክቱ አሠራርም በ1928 በታተመ የሁዲኒ የሕይወት ታሪክ መጽሐፍ ውስጥ ወጥቶ ነበር። ያን መጽሐፍ ገልጦ ያየ ዘጋቢ ቢኖር ኖሮ ዜናው ሌላ ይሆን ነበር።

ቤስ ለአሥር ዓመት ከባሏ ፎቶግራፍ አጠገብ መብራት አበራች። በየዓመቱ የሙት ዓመቱ ቀን ጠበቀችው። በ1936 ሆሊውድ ውስጥ በአንድ ሆቴል ጣሪያ ላይ ለመጨረሻ ጊዜ ጠሩት። አልመጣም። ቤስ መብራቱን አጠፋችው።

እንግዲህ ወደ ዶርሙ ክርክር ልመለስ። አይዘንሃይም በፍቅር ሲል ሙታንን ጠራ፤ ፊልም ስለሆነ ይቅር እንለዋለን። ቤስ ግን ከአይዘንሃይም ያላነሰ ፍቅር ኖሯት ያልመጣውን መጣ ብላ አልቀረችም። እንደ እኔ ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው። ምትሃተኛ ትኬት ሲሸጥልህ እንደሚያታልልህ ታውቃለህ፣ አውቀህ ትስቃለህ። አጭበርባሪው ግን አታውቅም፤ ከኪስህም ከሐዘንህም ይወስዳል። እኛም ነገ ማይክራፎን ስንይዝ ሰው የሚያምነን እንደ ምትሃተኛ አይደለም፤ የምንነግረው ሁሉ እውነት ነው ብሎ ነው። ስለዚህ መቃብር ቦታ ሄደን ስም እየለቀምን ከሰማይ የሰማን አንምሰል።