የስሜንን ስም ፍራንክፈርት ያደረሰው ሰው

ሰሞኑን ማታ ማታ ስልኬ ላይ የዳይኖሰር ቪዲዮ ሳይ ነው የማመሸው። ሳትንቀሳቀስ ከቆምክ ቲ-ሬክስ አያይህም የሚለውን የፊልም ወሬ እኔም አምን ነበር። ለካ ውሸት ነው! ዓይኖቹ ወደፊት የዞሩ፣ እይታውም የሰላ ነበር። አንዱ ሊንክ ሌላውን እየጎተተ በዳይኖሰር አጽሞቹ የታወቀው የፍራንክፈርቱ ዜንከንበርግ ሙዚየም ጋ አደረሰኝ። እዚያ ያልጠበቅኩት ስም ገጠመኝ፦ ስሜን።

እኔ የዳባት ልጅ ነኝ። የእኛ ተራራ እዚያ ምን ይሠራል? የዳይኖሰር ነገር ሊሆን አይችልም፤ የስሜን ድንጋይ ከእሳተ ገሞራ የተፈጠረው ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ነው፤ ዳይኖሰሮቹ ደግሞ ከ66 ሚሊዮን ዓመት በፊት አልቀዋል። ስሙን እዚያ ያደረሰው ሌላ አዳኝ ነው፤ ቀይ ቀበሮ። ወሳጁም ኤድዋርድ ሩፔል የሚባል ጀርመናዊ።

ሩፔል በ1794 ፍራንክፈርት ተወለደ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። አባቱ ሀብታም የባንክ ሰው ነበሩ፤ ልጁም ነጋዴ እንዲሆን ነበር የታሰበው። በ1817 ሲና በረሃን ካየ በኋላ ግን ልቡ ከንግዱ ሸፈተ። ጣሊያን ሄዶ የእንስሳትንና የዕፅዋትን ትምህርት ተማረ። በ1820ዎቹ ኑቢያንና ቀይ ባሕርን ዞረ። በ1830ዎቹ መጀመሪያ ላይ ደግሞ ወደ እኛ አገር መጣ።

ጊዜው ዘመነ መሳፍንት ነው። ጎንደር ንጉሥ አላት፤ ሥልጣኑ ግን በመሳፍንቱ እጅ ነው። ስሜንን የያዙት ደጃዝማች ውቤ ናቸው። ሩፔል በዚያ መሀል ነው ስሜን ወጥቶ እንስሳ የሰበሰበው። ካሜራ የለም፤ ገድሎ፣ ቆዳ ገፎ፣ አድርቆ፣ አስጭኖ እስከ ባሕር መውረድ ነው። ዛሬ ሲያስቡት ይከብዳል፤ የዚያ ዘመን ሳይንስ ግን እንዲያ ነበር።

በ1835 ዋልያን፣ ጭላዳንና ቀይ ቀበሮን ለዓለም ሳይንስ አስተዋወቀ። የአገሬው ሰውማ ድሮም ያውቃቸዋል፤ ዋልያና ጭላዳ የሚሉት ስሞች ራሳቸው ከእኛ ተወስደው ነው ሳይንሳዊ ስማቸው ውስጥ የገቡት። ቀይ ቀበሮን ግን ካኒስ ሲሜንሲስ አለው፤ የስሜን ውሻ እንደማለት። ፈረንጆቹ ለብዙ ዘመን የስሜን ፎክስ ሲሉት ኖሩ። በ1994 የወጣ የዘረመል ጥናት ቅርብ ዘመዶቹ ተኩላዎች መሆናቸውን አሳየ። ሩፔል የመደበበት ወገን ልክ ነበር።

በ1839 የለንደኑ ንጉሣዊ የጂኦግራፊ ማኅበር የወርቅ ሜዳሊያ ሸለመው። ከኢትዮጵያ የወሰዳቸውን የብራና መጻሕፍት ለከተማው ቤተ መጻሕፍት ሰጠ። በ1884፣ በ90 ዓመቱ፣ እዚያው በተወለደባት ከተማ አረፈ።

ይህን ሳነብ ልጅነቴ ትዝ አለኝ። ከብት ስንጠብቅ ቀበሮ ካየን በድንጋይ ነበር የምንቀበለው፤ በግ ይጨርሳል ተብለን ነዋ ያደግነው። ቀይ ቀበሮ ግን በአብዛኛው ከ3,000 ሜትር በላይ የሚኖር የውርጭ አገር እንስሳ ነው፤ እኛ ስናሳድድ የኖርነው ተራውን ቀበሮ ሳይሆን አይቀርም። ቀይ ቀበሮ አልፎ አልፎ ግልገል ቢነካም ቀለቡ አይጥ ነው። ክብደቱም 20 ኪሎ አይሞላም።

እሱን በጣም የሚጎዳው ከእኛ ግቢ የሚወጣ ነው፤ ውሻችን የእብድ ውሻ በሽታ ያስተላልፍበታል። ዛሬ በዓለም ላይ የቀሩት ለአቅመ መራባት የደረሱ ቀይ ቀበሮዎች 500 አካባቢ ቢሆኑ ነው፤ ሁሉም ያሉት ኢትዮጵያ ውስጥ ነው።

በቲ-ሬክስ ብንሳሳት እሱ ምንም አይሆንም፤ ድሮ አልቋል። በቀይ ቀበሮ የምንሳሳተው ግን በቁሙ ነው። ደባርቅም ዳባትም ያላችሁ፣ ይህን አንብባችሁ ስልኩን ስታስቀምጡ አንድ ነገር አድርጉ፦ የቤታችሁን ውሻ አስከትቡ።