የፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴ (አባ መላ) አጭር የሕይወት ታሪክ

በፒያሳ አቅራቢያ የሚገኘውን የሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ስም የማያውቅ የአራዳ ሰው የለም። የባለስሙን ታሪክ ግን ብዙዎቻችን አጥርተን አናውቀውም። ስለዚህ በዚህ የመታሰቢያ መጽሔት ላይ ስለዚሁ ታላቅ ሰው በአጭሩ ለመጻፍ አሰብሁ።

ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ የተወለዱት በጨቦ አገር ነው። ገና ልጅ ሳሉ በዘመቻ ተማርከው መጡና በዳግማዊ ምኒልክ ቤት በአገልጋይነት አደጉ። በቤተ መንግሥት ወገን የሚሆናቸው ትልቅ ዘመድ አልነበራቸውም፤ ከፍ ያደረጓቸው ጥንቃቄያቸው፣ ነገር አዋቂነታቸውና ለጌታቸው የነበራቸው ታማኝነት ናቸው። በ1888 ዓ.ም. ፊታውራሪ ገበየሁ በዓድዋ ጦርነት ስለ ወደቁ ሹመቱ ለእርሳቸው ተሰጠ። በሚከተለው ዓመት ወደ ቦረና ዘምተው ያን አገር አስገበሩ። በዘመቻ ተማርኮ የመጣው ልጅ አድጎ ሌላውን አገር የሚያስገብር የጦር አለቃ ሆነ ማለት ነው። በምክርና በፍርድ ብልህ ስለ ነበሩም ሕዝቡ አባ መላ እያለ ይጠራቸው ነበር።

በጥቅምት ወር 1900 ዓ.ም. ዐፄ ምኒልክ እንደ አውሮፓ መንግሥታት ሥርዓት ሚኒስትሮችን ሲሾሙ የጦር ሚኒስትርነቱ ለፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ደረሰ። ጊዜው ለዘውድ መንግሥታት ሁሉ የፈተና ጊዜ ነበር። በዚያው በ1900 ዓ.ም. አንጎላንና ሞዛምቢክን ትገዛ የነበረችው የፖርቱጋል ንጉሥ ካርሎስ ከልጃቸው ጋር በሊዝበን ከተማ ተገደሉ፤ ሦስት ዓመት ሳይሞላም በ1903 ዓ.ም. መጀመሪያ ዘውዱ ወድቆ ሪፐብሊክ ተመሠረተ። በሩሲያም በ1909 ዓ.ም. የዛሮች መንግሥት ፈረሰ። በእኛም አገር ንጉሠ ነገሥቱ በጽኑ ሕመም ከአልጋ በዋሉ ጊዜ ዙፋኑ መናወጥ ጀመረ።

በ1901 ዓ.ም. ልጅ ኢያሱ አልጋ ወራሽ፣ ራስ ተሰማ ናደው ደግሞ እንደራሴ ተባሉ። በ1902 ዓ.ም. የሸዋ መኳንንት እቴጌ ጣይቱን ከመንግሥት ሥራ አራቋቸው። በ1903 ዓ.ም. ራስ ተሰማ ሲሞቱ ራስ አባተ ቤተ መንግሥቱን በእጃቸው ለማድረግ ተነሡ፤ ነገር ግን ፊታውራሪና ሌሎቹ መኳንንት ስለ ተቃወሟቸውና አቡነ ማቴዎስም ስለ ሸመገሉ ነገሩ ወደ ከባድ ጦርነት ሳይደርስ በረደ። በ1906 ዓ.ም. ዐፄ ምኒልክ ዐረፉ። በዚህ ሁሉ ወራት ትልቁ የማዕከል ሠራዊት በፊታውራሪ እጅ ነበረ። እርሳቸው ግን ለራሳቸው ዙፋን አልፈለጉም።

መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. መኳንንቱና አቡኑ ልጅ ኢያሱን ከሥልጣን ሲያወርዱ ከዋናዎቹ አንዱ ፊታውራሪ ነበሩ። የልጅ ኢያሱ አባት የወሎው ንጉሥ ሚካኤል ስለ ልጃቸው ተነሥተው በቶራ መስክ የራስ ልዑል ሰገድን ጦር ድል አደረጉ። አዲስ አበባ በጭንቀት ላይ ወደቀች። በዚህ ጊዜ ፊታውራሪ የወዳጅነት መልእክት በመላክ ንጉሥ ሚካኤልን አዘናግተው፣ የሸዋ ጦር እስኪሰበሰብ ጊዜ እንዳገኙ ይተረካል። ጥቅምት 17 ቀን በሰገሌ ሜዳ ላይ በተደረገው ብርቱ ጦርነት ብዙ ወንድማማች እርስ በርሱ ተላለቀ፤ ንጉሥ ሚካኤልም ተማረኩ። በየካቲት ወር ንግሥት ዘውዲቱ በአራዳ ጊዮርጊስ ዘውድ ጫኑ፤ ራስ ተፈሪ አልጋ ወራሽ ሆኑ፤ ፊታውራሪም በጦር ሚኒስትርነታቸው ጸኑ።

ከዚህ በኋላ ያለው የሕይወታቸው ክፍል በጥሞና ሊታሰብበት የሚገባ ነው። በ1910 ዓ.ም. የመሐል ሰፋሪ ወታደሮች አድመው ሚኒስትሮቹ እንዲሻሩ ጠየቁ። ሚኒስትሮቹ ሁሉ ሲሻሩ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ብቻ አልተነኩም። ከንግሥቲቱና ከአቡነ ማቴዎስ ጋር ሆነው የቆየውን ሥርዓት የሚደግፈው ወገን መሪ ነበሩ። ራስ ተፈሪ አገሪቱን በአዲስ ሥርዓት ለማደራጀትና ከውጭ መንግሥታት ጋር ለማቀራረብ ሲተጉ፣ ፊታውራሪ ግን የባዕዳንን አሳብ ይጠራጠሩ ነበር፤ ለውጡም በችኮላ እንዳይሆን ይከላከሉ ነበር። ጥርጣሬያቸው ያለ ምክንያት አልነበረም፤ አገሪቱ ዙሪያዋን በእንግሊዝ፣ በፈረንሳይና በኢጣሊያ ቅኝ ግዛቶች የተከበበች ነበረችና። ኢትዮጵያ በ1916 ዓ.ም. የመንግሥታት ማኅበር አባል ሆነች፤ በዚያው ዓመት ባሮች ነጻ የሚወጡበት አዋጅ ወጣ። የውስጡ አስተዳደር ግን በአብዛኛው እንደ ቀድሞው ይሄድ ነበር።

ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ በታኅሣሥ ወር 1919 ዓ.ም. ዐረፉ። ጥቂት ቀናት አስቀድሞ አቡነ ማቴዎስም ዐርፈው ነበር። ወዲያውም የፊታውራሪ ጦርና ርስት ወደ ራስ ተፈሪ እጅ ገባ። ሁለት ዓመት ሳይሞላ፣ በመስከረም 1921 ዓ.ም.፣ ራስ ተፈሪ ንጉሥ ተባሉ፤ በጥቅምት 1923 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ተብለው በዚያው በአራዳ ጊዮርጊስ ነገሡ።

ከዚህ ታሪክ የምንረዳው ነገር አለ። ሌላው ሁሉ ሲናወጥ ዘውዱን ያቆመው የአንድ ሰው ብልሃት ነበረ፤ ለውጡንም ያዘገየው የዚያው ሰው ብርታት ነበረ። የጦር ሚኒስቴር የሚባል ሥራ በ1900 ዓ.ም. ተሰየመ እንጂ ኃይሉ በመሥሪያ ቤቱ ሳይሆን በባለ ሹመቱ ላይ ነበረ፤ ስለዚህ ባለ ሹመቱ ሲሞት ኃይሉ እንደ ውርስ ንብረት ከእጅ ወደ እጅ ተላለፈ። አገር ብልህ ሰው ያስፈልጋታል፤ ብልህ ሰው ግን ይሞታል። ከእርሱ በኋላ የሚቀረው ሕግና በሕግ የሚሠራ መሥሪያ ቤት ነው። ይህንንም የሚያቆመው የተማረ ትውልድ ስለ ሆነ፣ የአባ መላን ብልሃት እያደነቅን እርሳቸው ያልሠሩትን መሥራት የእኛ ፈንታ ይመስለኛል።