አክሊሉ ለማ፤ ከዐድዋ ወንዝ እስከ ቤተ ሙከራ

የአንጀት ትል በሐዲያና በከምባታ፣ በሆሳዕናም በጃጁራም፣ የጤና ባለሙያ ሁሉ የዘወትር ጠላት ነው። ከዚህ ጠላት ወገን የሆነውን የቢልሃርዝያን ትል ሲታገሉ የኖሩት ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1935 ተወለዱ። በአሜሪካ በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ማዕረግ ተቀብለው ወደ አገራቸው ተመለሱ።

በ1964 ለጥናት ዐድዋ ሄዱ። እንደሚታወቀው፣ የቢልሃርዝያ ትል ሰው ላይ ከመድረሱ በፊት በቀንድ አውጣ አካል ውስጥ ማደግ አለበት፤ ከዚያ የሚወጣው እጭ ውኃ ውስጥ የገባውን ሰው ቆዳ በስቶ ይገባል። ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ስፍራ ቁልቁል ግን ቀንድ አውጣዎቹ ሞተው ተገኙ። አክሊሉ ይህን አይተው አላለፉም፤ ሕያዋኑን ቀንድ አውጣዎች በእንዶድ ውኃ ፈተኑ፤ እነዚያም ሞቱ።

ከዚህ በኋላ በአዲስ አበባ የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲቲዩትን መሠረቱ። ከ1969 እስከ 1974 በዐድዋ በተደረገው ሙከራ፣ ዕድሜአቸው ከአንድ እስከ ስድስት ዓመት በሆኑ ሕፃናት መካከል የበሽታው ስርጭት ከ50 በመቶ ወደ 7 በመቶ ወረደ። ይሁን እንጂ እንዶድ ዓሣንም ይገድላል፤ የመርዛማነቱ ምርመራም እንደገና በውጭ አገር ቤተ ሙከራ እንዲከናወን ተጠየቀ፤ ዓመታትም አለፉ። በ1989 ከባልደረባቸው ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ተቀበሉ። በ1997 ዐረፉ፤ ኢንስቲቲዩቱም በስማቸው ተሰየመ።

እሳቸው ሊያጠፉት የደከሙለት ትል ዛሬ በሌላ ዓይን ጭምር ይመረመራል። ትሉ በሰው ደም ሥር ለዓመታት የሚኖረው የሰውነትን መከላከያ ኃይል በማለዘብ ነው። ስለዚህ የቢልሃርዝያ ትል እንቁላል አስቀድሞ የተሰጣቸው አይጦች የአንጀት ብግነት ሕመም ቀለለላቸው። በሰዎች ላይ ደግሞ የአሳማ ትል እንቁላል ተሞከረ፤ በ2005 የታተመው ውጤት ተስፋ ቢሰጥም፣ ኋላ የተደረጉት ሰፋፊ ሙከራዎች ተስፋውን አላጸኑትም። አሁን ተመራማሪዎች ሕያው ትልን ትተው ትሉ የሚያመነጨውን ንጥረ ነገር ወደ መለየት አዘንብለዋል።

ይህ ተስፋ ትልን በሕመምተኛ ሆድ ውስጥ ለማቆየት ምክንያት አይሆንም። የቢልሃርዝያ እንቁላል ጉበትን የሚያጠነክርና አንጀትን የሚያቆስል ነውና ሕክምናው መቀጠል አለበት። የአክሊሉ ሕይወት የሚያስተምረውም ይኸው ነው፤ ሕዝብ በወንዝ ዳር የሚያውቀውን አለመናቅ፣ ነገር ግን በምርመራ ሳይጸና መድኃኒት ብሎ አለመስጠት። እሳቸው ሁለቱንም ሥራ በአገራቸው ልጆች እጅ ለማድረግ ደከሙ። ከትል የሚገኘው መድኃኒት ነገ ቢሳካ፣ ትሉ ሲያሠቃየው የኖረው ሕዝብ በዕውቀቱም በጥቅሙም ድርሻ እንዲኖረው ማድረግ የተተኪዎቻቸው ኃላፊነት ነው።