ስሕተቱን ያረመ ባለቅኔ

አንባቢ ሆይ፤ በአንደበትህ የተናገርኸው ወይም በእጅህ የጻፍኸው ነገር ስሕተት ሆኖ ብታገኘው ምን ታደርጋለህ? ብዙ ሰው ስሕተቱን ለመሰወር ሌላ ስሕተት ይጨምርበታል። ስለዚህ ከሞተ 700 ዓመት ያለፈውን የኢጣልያውን ባለቅኔ የዳንቴ አሊጊዬሪን ሕይወት በአጭሩ ልንገርህ፤ አንተም መርምረው።

ዳንቴ በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1265 ዓመት በፍሎሬንስ ከተማ ተወለደ። በ1300 ዓመት ከከተማይቱ ሹማምንት አንዱ ሆኖ ሁለት ወር አገለገለ። ነገር ግን ሕዝቡ በወገን ተከፍሎ ይጣላ ነበርና፥ የተቃራኒው ወገን ሰዎች ኃይል ባገኙ ጊዜ በሹመቱ ጉቦ በልቷል ብለው ከሰሱት። በ1302 ዓመትም ቢያዝ በእሳት እንዲቃጠል ፈረዱበት። ከዚያ ወዲያ የተወለደባትን ከተማ ዳግመኛ ሳይገባባት የሰው እንጀራ እየበላ ተንከራተተ።

በስደቱ መጀመሪያ ዓመታት ሕዝብ በሚናገረው ቋንቋ ስለ መቀኘት አንድ መጽሐፍ በሮማይስጥ መጻፍ ጀመረ። በዚያ ዘመን ሊቃውንት የሚያከብሩት ሮማይስጥን ነበር፤ እርሱ ግን ሕፃን ያለ ሰዋስው ከሞግዚቱ አፍ የሚማረው ቋንቋ ይበልጣል አለ። ደግሞም እንዲህ አስተማረ፤ መላእክት ያለ ቃል ይተዋወቃሉ፤ እንስሳም በጠባዩ ከመሰሉ ጋራ ይስማማል፤ ሰው ግን ነፍሱ በሥጋ የተጋረደች ስለ ሆነች አሳቡን ለባልንጀራው የሚገልጥበት ምልክት ያስፈልገዋል። ያም ምልክት ቃል ነው፤ ድምፁ በጆሮ ይሰማል፥ ትርጓሜው በልቡና ይታወቃል።

የባቢሎንን ግንብ ነገር ሲተርክ፥ ሠራተኞቹ በየሥራቸው ቋንቋቸው ተለያየ፥ ሥራው የከበረውም ንግግሩ የባሰ ሻካራ ሆነ አለ። የአዳም ቋንቋ ግን ዕብራይስጥ ነው፥ እርሱም ከግንቡ ሥራ በራቁት ዘንድ ሳይለወጥ ቀረ ብሎ ጻፈ። ይህንንም መጽሐፍ በሁለተኛው ክፍል አቋርጦ ተወው።

ከዚህ በኋላ ታላቁን ቅኔውን ኮሜዲያን በአገሩ ሰዎች ቋንቋ ጻፈ። በርሱም ሲኦልን፥ የንስሓን ተራራና ገነትን ሲዞር ራሱን ያሳያል። ሰምና ወርቅ የለመደ አንባቢ ይህ መንገድ የነፍስ መንገድ መሆኑን አይስተውም። በገነትም አዳምን ያገኘዋል፤ አዳምም የቀድሞው ቋንቋው የባቢሎን ሥራ ሳይጀመር አስቀድሞ እንደ ጠፋ፥ የሰው ልማድ ሁሉ ስለሚለወጥ ቋንቋም እንደሚለወጥ ይነግረዋል። እንግዲህ ተመልከት፤ የቀድሞው መጽሐፍ ያልተፈጸመ ነበርና ዝም ቢል ይችል ነበር። እርሱ ግን እንደ ደቀ መዝሙር ቆሞ በአዳም አፍ ታረመ።

ይህ ሰው ትዕቢቱን ያውቅ ነበር። ትዕቢተኞች ከባድ ድንጋይ ተሸክመው የሚያጎነብሱበትን የተራራውን ክፍል ካለፈ በኋላ፥ ከሞት በኋላ አብልጦ የሚፈራው ያንን ሸክም እንደ ሆነ ስለ ራሱ ይመሰክራል።

ነገር ግን ትሕትና ሐሰትን መቀበል እንዳይመስልህ። በ1315 ዓመት ጥቂት ገንዘብ ከፍሎ እንደ በደለኛ በአደባባይ ቢቀርብ ወደ አገሩ እንዲመለስ ምሕረት ቀረበለት። አገሩን እጅግ ይናፍቅ ነበር፤ ሆኖም ያልሠራውን በደል ሠራሁ ማለት ስለሚሆንበት እንቢ አለ። በዚያው ዓመት የሞት ፍርድ በርሱና በልጆቹ ላይ ታወጀ። በ1321 ዓመት በራቬና ሞተ፤ መቃብሩም እስከ ዛሬ በዚያ ነው።

እንግዲህ ወዳጄ፥ ሁለቱን ነገር አስተውል። አገሩን የሚያስገኝለትን ሐሰት አልተናገረም፤ ክብሩን የሚቀንስበትንም እውነት አልሸሸገም። አንተ ግን ዛሬ ለባልንጀራህ የምትሰጠው ቃል የልብህ ምልክት ነውን? ካልሆነ ቀኑ ሳይመሽ አርመው።