በ30 ዓመቱ የሕክምና ተማሪ የሆነው መምህር

ክረምት ላይ ከሚሲዮን ሐኪሞች ጋር ገጠር ወርዳችሁ በነፃ ለማገልገል የምታስቡ የሕክምና ተማሪዎች፣ ዛሬ የምናነሳው ሰው የእናንተ ነው። ልዩነቱ እሱ የሄደው ለሁለት ሳምንት አልነበረም።

እ.ኤ.አ 1905 ላይ ነን። አልበርት ሽቫይትዘር 30 ዓመቱ ነው። ያኔ በጀርመን ሥር በነበረችው ስትራስቡርግ ሥነ መለኮት ያስተምራል፣ ይሰብካል፣ ኦርጋን ሲጫወት ሰው ይሰበሰብለታል፣ ስለ ሙዚቀኛው ባኽ መጽሐፍ ጽፏል። በቃ፣ ምን ጎደለው? ግን ለዘመድ ወዳጆቹ ደብዳቤ ላከ፤ ሕክምና ተምሮ አፍሪካ ሊሄድ ነው።

ውሳኔው ድንገት የመጣ አይደለም። ገና በ21 ዓመቱ እስከ 30 ለትምህርቱና ለሙዚቃው ሊኖር፣ ከዚያ በኋላ ሰውን በእጁ ሥራ ሊያገለግል ለራሱ ቃል ገብቶ ነበር። በኋላ የፓሪስ ሚሲዮን መጽሔት ላይ ጋቦን ውስጥ ሠራተኛ እንደጠፋ አነበበ። ወዳጆቹ ግን ተቆጡ። የሕክምና ፋኩልቲው ዲን ራሱ ሊመዘገብ ሲመጣ ለአእምሮ ሐኪም ባልደረባው ቢያስረክበው ደስ ባለው ነበር።

ከዚያ ዓመታት የፈጀ ድካም መጣ። ትናንት የሥራ ባልደረቦቹ በነበሩት ፊት ተማሪ ሆኖ ቁጭ አለ፤ ማስተማሩንና ስብከቱንም አላቆመም። የመጨረሻውን ፈተና ክፍያ የሸፈነው ሙኒክ ላይ ኦርጋን ተጫውቶ ባገኘው ገንዘብ ነው።

አሁን ሚሲዮኑ እጁን ዘርግቶ የሚቀበለው ይመስላል አይደል? አልሆነም! ስለ ኢየሱስ የጻፈው ነገር አላማራቸውም። ኮሚቴው ስለ እምነቱ ሊመረምረው ፈለገ፣ እሱ እምቢ አለ። በምትኩ የኮሚቴውን አባላት በየቤታቸው እየዞረ አነጋገረ። በስተመጨረሻ ሐኪም ብቻ ሆኖ ሊሠራ፣ ላይሰብክ ቃል ገባ፤ ወጪውንም ራሱ ሊችል። እኛን የሚገርመን ይሄ ነው፦ የታወቀ ሰባኪ ዝም ለማለት ተስማምቶ ሄደ። (ጋቦን ከደረሰ በኋላ እዚያ ያሉት ሚሲዮናውያን ቃሉን አንስተውለት ሰብኳል።)

በ1913 ነርስነት ከተማረችው ባለቤቱ ከሄሌነ ጋር 70 ሣጥን ዕቃ ይዞ ላምባሬኔ ገባ። የመጀመሪያው ክሊኒክ የዶሮ ቤት ነበር። አስተርጓሚውና ረዳቱ ዮሴፍ የሚባል ወጥ ሠሪ የነበረ ሰው ነው፤ የሰውን አካል የሚጠራው በሥጋ ብልት ስም ነበር። አንዱን ታማሚ የበግ ጭኑን፣ ሌላዋን ሽንጧን እንዳመማት እያደረገ ይተረጉምለታል። ታማሚ ከነአስታማሚው ይመጣል፣ ቤተሰቡ እዚያው ግቢ ያበስላል። እኛ ሀገር ሆስፒታል ደጅ ያደረ ሰው ይሄን ያውቀዋል።

አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲነሳ ቦታው የፈረንሳይ ቅኝ ግዛት ስለነበር ጀርመናዊ ተብሎ ታሰረ፣ በ1917 ወደ ፈረንሳይ ተወሰደ። በ1924 ተመልሶ ሆስፒታሉን እንደ አዲስ ሠራ። የ1952ን የኖቤል የሰላም ሽልማት ሲሸለም ገንዘቡን ለሥጋ ደዌ ታማሚዎች መንደር አዋለው።

ግን አንድ ነገር ሸፋፍነን ማለፍ አንፈልግም። ሽቫይትዘር አፍሪካዊውን ወንድሜ ይል ነበር፣ ራሱን ግን ታላቅ ወንድም አድርጎ። ታናሹ ደግሞ ገና ልጅ ነበር ለእሱ። ጋቦን በ1960 ነፃ ስትወጣም ይሄ አስተያየቱ እምብዛም አልተለወጠም። በዚህ በሕይወት እያለም ብዙ ተወቅሷል፣ ወቀሳውም እውነት አለው ብለን እናምናለን። ቁስል ያጠበ እጅ ያው ነው፣ ንቀቱም ያው ነው፤ አንዱ ሌላውን አይሰርዘውም።

በ1965 በ90 ዓመቱ ሞቶ እዚያው ላምባሬኔ ተቀበረ። ሆስፒታሉ ዛሬም ይሠራል፣ አጠገቡም የወባ ምርምር ማዕከል አለ። ከአሜሪካ የሚመጡ የመጨረሻ ዓመት የሕክምና ተማሪዎችም ለብዙ ዓመታት እዚያ እየሄዱ ሠርተዋል።